ክትባቷ ያላለቀ ቡችላ፦ ቤት ትቆለፍ ወይስ ዓለምን ትይ?

ማለዳ
ሰላም ለሁላችሁ። ዘጠኝ ሳምንት የሞላት ቡችላ ወደ ቤቴ ከመጣች ገና ጥቂት ቀን ነው። የመጀመሪያውን ዙር ክትባት ወስዳለች፤ የትል መድኃኒትም ተሰጥቷታል። ያየልን ሐኪም «ክትባቷ ሳያልቅ ውጭ መሬት እንዳታስረግጫት» ብሎ አስጠንቅቆኛል። የሚያልቀው ደግሞ 16 ሳምንት ሲሞላት ነው። በሌላ በኩል ቡችላ ሰውንና አካባቢውን በቀላሉ የሚለምደው ከ3ኛው እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፣ ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር ሁሉ ያስፈራዋል ይባላል። እስቲ ቁጥሩን እናንተም አስሉት! እንድትወጣ የሚፈቀድላት የመልመጃ ጊዜዋ ካለፈ በኋላ ነው ማለት ነው።

ያለችበትን ልንገራችሁ። ትበላለች፣ ትጫወታለች፣ ከእግሬ ስር አትጠፋም። ግን ኮፍያ ያደረገ እንግዳ ሲመጣ ሶፋ ስር ገብታ አልወጣም አለች። የፀጉር ማድረቂያ ሲነሳም ትንቀጠቀጣለች። በሽታውንም እፈራለሁ፣ ፈሪ ሆና እንዳታድግም እፈራለሁ። እናንተ እንዴት አደረጋችሁ?

ዘበኛው
እህቴ፣ ሐኪምሽን ስሚ። ፓርቮ የሚባለው የውሻ ቫይረስ ቀልድ አይደለም። ማስመለስ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ከዚያ ሰውነት ውኃ ይጨርሳል። ትናንት ሲቦርቅ ያየሽው ቡችላ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። ፈሪ ውሻ ቢያንስ በሕይወት አለ። 16 ሳምንት ይሙላትና ከዚያ እንደፈለግሽ አድርጊ።

ነጭ ጋዋን
የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ዘበኛው ስለ ፓርቮ ያለው አንድም ቃል አልተጋነነም፤ መፍትሔው ላይ ነው የማልስማማው።

መጀመሪያ ክትባቱ ለምን በአንድ ጊዜ እንደማያልቅ ልናገር፣ ብዙ ሰው ይህን ሳይረዳ ነው የሚወስነው። ቡችላ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ከእናቱ እንገር ጋር የበሽታ መከላከያም ይጠጣል። ይህ መከላከያ በሽታውን ብቻ ሳይሆን ክትባቱንም ያከሽፋል። ከየትኛው ሳምንት በኋላ እንደሚጠፋ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል፤ አንዱ ላይ በ8ኛው ሳምንት፣ ሌላው ላይ ከ14ኛው በኋላ። የእናቱ መከላከያ በሽታ ለመመከት አንሶ፣ ክትባት ለማክሸፍ ግን የሚበቃበት ጊዜም አለ፤ ያ ነው አደገኛው። ስለዚህ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ጀምረን በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየደጋገምን 16 ሳምንት እስኪሞላውና ከዚያም እስኪያልፍ እንሄዳለን። መደጋገሙ መጠኑን ለማብዛት ሳይሆን ክትባቱ የሚይዝበት ቀን እንዳያመልጠን ነው። ያንቺ ቡችላ ዛሬ ተጠብቃ ይሁን አይሁን በዓይን አይታወቅም።

ይሁንና «መሬት አታስረግጫት» ያለሽ ሐኪም «ከቤት አታውጫት» አላለም። ፓርቮ የሚተላለፈው በዋናነት በታመመ ውሻ ሰገራና እሱ በነካው መሬት፣ ጫማ፣ ዕቃ፣ እጅ ነው። ውሻው ምልክት ሳያሳይ በፊት ጀምሮ ቫይረሱን ይረጫል፤ ቫይረሱም መሬት ላይ ለወራት፣ ጥላና እርጥበት ባለበት ቦታ ደግሞ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። እቅፍሽ ውስጥ ሆና አላፊ አግዳሚውን የምትመለከት ቡችላ ግን ከዚህ መሬት ጋር አትገናኝም። ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ ቫይረስ ከታመመ ውሻ ሳልና ንፍጥ ጋር በትንፋሽ ስለሚተላለፍ፣ በእቅፍ ላይ እያለች የማታውቂው ውሻ አፍንጫ ለአፍንጫ እንዳይገናኛት ብቻ ተጠንቀቂ።

የአሜሪካ የእንስሳት ባህርይ ሐኪሞች ማኅበር በዚሁ ጉዳይ ላይ ባወጣው የአቋም መግለጫ ቡችሎች ከ7ኛው ወይም 8ኛው ሳምንት ጀምሮ የማላመጃ ትምህርት ሊጀምሩ ይችላሉ ይላል። ቅድመ ሁኔታው ቢያንስ አንድ ዙር ክትባት ከ7 ቀን በፊት መውሰዳቸውና የትል መድኃኒት ማግኘታቸው ነው። ያው ማኅበር ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በታች የሆኑ ውሾችን በመግደል ረገድ ቀዳሚው ተላላፊ በሽታ ሳይሆን የባህርይ ችግር ነው ብሎ ጽፏል። ባለቤት የነከሰውን ወይም ያስቸገረውን ውሻ ይጥላል፣ አሳልፎ ይሰጣል፣ ያስገድላል። እና ዘበኛው ወንድሜ፣ ፈሪ ውሻ ሁልጊዜ በሕይወት አይቆይም።

ዘበኛው
ዶክተር፣ አከብርዎታለሁ። ግን ሰው «ይቻላል» ሲባል የሚሰማው የፈለገውን ነው። «በእቅፍ» ይባልና ነገ የውሻ መናፈሻ ውስጥ ለቆት ታገኙታላችሁ።

ነጭ ጋዋን
እሱ ላይ ልክ ነህ። የማይታወቁ ውሾች የሚሰበሰቡበት መናፈሻ፣ ውሾች የሚሸኑበት የመንገድ ዳር ሣር፣ የክሊኒክ ወለል፣ ውኃ ያቆረበት ጉድጓድ፤ እነዚህ ክትባቱ እስኪያልቅ አይነኩም። ጉድጓዱን የጠቀስኩት በሽንት የሚተላለፈው ሌፕቶስፒራ የሚባል ባክቴሪያ ስላለ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም አብዛኛውን ጊዜ ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ ስለሚሰጥ፣ ባለቤቱና ክትባቱ ካልታወቀ ውሻ ጋር ማገናኘት በፍጹም።

ማለዳ
እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር፣ አሁን ትንሽ ተነፈስኩ። ታዲያ አቅፌያት ወጥቼ ምን ላድርግ? ዝም ብዬ ልዙር?

ላላ ያለ ገመድ
ዝም ብለሽ አትዙሪ፣ ማለዳዬ። ቡችሎችን አሰለጥናለሁ፤ ሰዎች ከቤት ካለማውጣት ቀጥሎ የሚያበላሹት ነገር ይኸው ነው፤ ቡችላዋን ይዘው ዓለምን ማስጎብኘት።

ማላመድ ሲባል ብዙ ሰው «ብዙ ነገር ማሳየት» ይመስለዋል። ቡችላዋ ግን የምትመዘግበው ያየችውን ሳይሆን ስታየው የተሰማትን ነው። መቶ ሰው አቅፏት መቶ ጊዜ ከተጨነቀች ሰው ያስጨንቃል የሚለውን ነው መቶ ጊዜ የተማረችው። ስለዚህ ከሩቅ ጀምሪ። ሰው በሚተላለፍበት፣ ግን በማይጋፋበት ቦታ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ ጭንሽ ላይ ንጹሕ ብርድ ልብስ ዘርጊ፣ የምትወደውን ምግብ ጥፍር በሚያህል ቁራጭ ኪስሽ ያዢ። ብስክሌት አለፈ? ካየችው በኋላ አንድ ቁራጭ። ልጅ እየሮጠ አለፈ? አንድ ቁራጭ። ቅደም ተከተሉን አትርሺ፤ መጀመሪያ ነገሩ ይመጣል፣ ከዚያ ምግቡ። ከተገለበጠ የምግብ ኮሮጆሽ መከፈት ራሱ የአስፈሪ ነገር ማስጠንቀቂያ ይሆንባታል።

ምግቡ ሌላም ጥቅም አለው፤ መለኪያ ነው። ቤት ስትስገበገብለት የነበረውን ቁራጭ ውጭ አፍንጫዋ ስር አድርገሽላት ካልወሰደች ጠግባ አይደለም፣ ቀርበሻል። ራቂ። አሥር እርምጃ ሸሽተሽ ስትበላ ካየሻት የዛሬው ርቀትሽ ያ ነው። ከንፈሯን ደጋግማ ከላሰች፣ እንቅልፍ ሳይመጣባት ካዛጋች፣ ጆሮዋን ወደኋላ ከለጠፈች፣ አንድ እግሯን አንስታ ከቀረች፣ ፊቷን አዙራ የዓይኗ ነጭ ከታየ «በቃኝ» እያለችሽ ነው። ጅራቷን ሆዷ ስር እስክትወሽቅ ድረስ አትጠብቂ፤ ያኔ ዘግይተሻል።

እንግዳ ሰው ሊነካት ሲመጣ ደግሞ አንቺ አፍ ሁኚላት። «እሷ ካልመጣች እንዳትነካት» ማለት ነውር አይደለም። ሰውየው ጎኑን ሰጥቶ ቁጭ ይበል፣ ዓይኗን አያፍጥጥባት፣ እጁን ከአናቷ በላይ አያንዣብብ። ከመጣች ደረቷን ወይም አገጯ ስር ይዳብሳት፣ ትንሽ ዳብሶ እጁን ይሰብስብ። ደግማ ከተጠጋች ወዳዋለች፤ ዞር ካለች ጨርሳለች። በተለይ እቅፍሽ ውስጥ ስትሆን መሸሻ እንደሌላት አትርሺ፤ ሰው ሁሉ እየመጣ ፊቷን የሚዳስሳት ከሆነ እቅፍሽ ራሱ ወጥመድ ይሆንባታል።

ጊዜውን አሳጥሪው። ገና ደስ እያላት ወደ ቤት ተመለሱ።

ደፋር
አይ እናንተ! ውሻ ነው እኮ፣ እንቁላል አይደለም። የኔው ሰው በሚተራመስበት ቦታ መሬት ላይ እየተንከባለለ ነው ያደገው፤ ዛሬ ምንም አይፈራም። ፈራ ተብሎ ከተሸሸ መፍራቱ ልክ ነበር ብሎ ይማራል። ውስጡ አስገብተሽ ያዢው፣ ትንሽ ይጮኻል፣ ከዚያ ዝም ይላል።

ላላ ያለ ገመድ
ደፋር፣ ያንተ ውሻ ደህና መውጣቱ ደስ ይላል፤ በተፈጥሮው ልበ ሙሉ የሆነ ቡችላ አለ። ግን «ዝም ይላል» ያልከው ነገር ነው የሚያሳስበኝ። ዝም ያለ ቡችላ ሁልጊዜ የለመደ ቡችላ አይደለም። ማምለጫ ሲያጣ ደርቆ የሚቀር አለ፤ ከውጭ ስታየው እርጋታ ይመስላል። ያን ዕለት ዝም ያለው፣ ከወራት በኋላ ጥርስ ሲያበቅልና ጉልበት ሲያገኝ ያኔ ያልተናገረውን ይናገራል። በዚያ ላይ ብዙ ቡችሎች ከ8ኛው እስከ 11ኛው ሳምንት ድረስ በቀላሉ የሚደነግጡበት ወቅት አላቸው፤ አንድ ከባድ ድንጋጤ ለረጅም ጊዜ ሊታተም ይችላል። የማለዳ ቡችላ አሁን እዚያው ውስጥ ናት።

መራቅም ፍርሃትን አያስተምርም። ርቀቱን ጠብቀሽ አይታው፣ በልታ፣ ተረጋግታ ስትመለስ የምትማረው «ያ ነገር ሲመጣ ምንም አልሆንኩም» የሚለውን ነው።

መደበቁም መፍትሔ እንዳልሆነ ግን ከድሮ ጀምሮ ይታወቃል። ፍሪድማን፣ ኪንግና ኤልዮት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1961 ባሳተሙት ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ባር ሃርበር በሚገኘው የጃክሰን ቤተ ሙከራ ቡችሎች በታጠረ ሜዳ ላይ ሰው ሳይጠጋቸው አደጉ። እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ሰው ያልቀረባቸው ቡችሎች ሰው ሲያዩ እንደ ዱር አውሬ ሆኑ። በመካከል ለአንድ ሳምንት ያህል ብቻ እየወጡ ከሰው ጋር የቆዩት ግን ለመዱ፤ አምስት፣ ሰባትና ዘጠኝ ሳምንት ሲሆናቸው የወጡት ጥሩ ውጤት አሳይተዋል። አንድ ሳምንት! ማለዳ ወራት በሙሉ መድከም የለባትም፤ እነዚህን ጥቂት ሳምንታት በብልሃት ትጠቀምባቸው።

ጆሮ ቀና
ለኮፍያው የኛ ቤት መፍትሔ፦ ባለቤቴ ከሥራ ሲመጣ አንድ ቀን ኮፍያ፣ አንድ ቀን ሄልሜት፣ አንድ ቀን ጃንጥላ ዘርግቶ፣ አንድ ቀን ከዘራ ይዞ እያነከሰ ይገባል። ጎረቤት ምን እንደሚያስብ አላውቅም። ቡችላችን ግን በር ሲንኳኳ አሁን የምትጠብቀው ድራማና ብስኩት ነው። 😂

ኮፍያውን መጀመሪያ ወለል ላይ አስቀምጣችሁ እንድታሸተው፣ ከዚያ እጅ ላይ፣ ከዚያ ራሷ እያየች አናት ላይ። በአንዴ አናት ላይ ጉብ አድርጎ መግባት ከባድ ነው።

ላላ ያለ ገመድ
ይህን ነው የምወደው! ከቤት ሳትወጡ ስንት ነገር አለ። የካርቶን ሳጥን፣ የሚንኮሻኮሽ ፌስታል፣ ቀዝቃዛ ሰድር፣ ትንሽ የሚወዛወዝ ጣውላ፣ የብረት ሳህን ላይ የሚጣል ማንኪያ (መጀመሪያ ከሌላ ክፍል)። ማለዳ፣ የፀጉር ማድረቂያውን ሳትከፍቺው መሬት ላይ ተዪውና ዙሪያውን ምግብ በትኚ። ሌላ ቀን ሰው ሩቅ ክፍል ይክፈተው፣ አንቺ ከሷ ጋር ተጫወቺ። የርችትና የነጎድጓድ ድምፅ በስልክ ማጫወት ትችያለሽ፣ ግን ጆሮዋን ቀና አድርጋ ወደ ጨዋታዋ በምትመለስበት መጠን እንጂ በምትደነግጥበት አይደለም።

መዳፏን፣ ጆሮዋን፣ አፏን መንካትም እዚሁ ውስጥ ነው። አንድ ጣቷን ያዝ፣ ምግብ። ከንፈሯን ገለጥ፣ ምግብ። ጥፍር መቁረጫውን ነካ፣ ምግብ። ዶክተር ነጭ ጋዋን በኋላ ይመርቁሻል።

ነጭ ጋዋን
አሁኑኑ መርቄያለሁ። አንድ ልጨምር፤ የክሊኒኩን በር መርፌ በሌለበት ቀንም አሳያት። ደውለሽ ጠይቂና በእቅፍሽ ይዘሻት ግቢ፤ ሚዛን ላይ የራሷን ፎጣ አንጥፈሽ አስቀምጫት፣ የሆነ ሰው ምግብ ይስጣት፣ ውጡ።

ማለዳ
ከሌሎች ውሾች ጋርስ? እህቴ አንድ ትልቅ ውሻ አላት፣ ክትባቱ የተሟላ ነው። እና በአካባቢያችን የቡችሎች ትምህርት የሚሰጥ ሰው አለ፣ ልመዝግባት?

ነጭ ጋዋን
የእህትሽ ውሻ ጤነኛ ከሆነ፣ ክትባቱ ካልተቋረጠ፣ ግቢውም በቅርብ ጊዜ በፓርቮ የታመመ ወይም የሞተ ቡችላ ካልነበረበት እሰየው። ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ሳታፍሪ ጠይቂ። ጫማሽንም ደጅ አውልቂ።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ክትባት ጀምረው የማላመጃ ክፍል የገቡ ቡችሎችን ካልገቡት ጋር አነጻጽሮ፣ ክፍል የገቡት በፓርቮ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ እንዳልበለጠ አሳይቷል። ይህ ግን ለማንኛውም ክፍል ማረጋገጫ አይሆንም። ሳትመዘገቢ አንድ ቀን ብቻሽን ሄደሽ ተመልከቺ። የክትባት ካርድ ይጠይቃሉ? ትውከት ወይም ተቅማጥ ያለበትን ይመልሳሉ? ወለሉ ሊታጠብ የሚችል ነው ወይስ ሣር? አንዱ ቡችላ ወለሉን ሲያበላሽ ምን ያደርጋሉ? መጀመሪያ ቆሻሻው ተጠርጎና ታጥቦ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውኃ ተበጥብጦ፣ ፈሶበት አሥር ደቂቃ መቆየት አለበት። ብዙዎቹ የተለመዱ የወለል ማጽጃዎች ፓርቮን አይገድሉም። ጥሩ ጠረን ንጽሕና አይደለም።

ላላ ያለ ገመድ
እኔ ደግሞ እዚያው ስትሄጂ ጨዋታቸውን እዪ ነው የምልሽ። ጥሩ ጨዋታ ተራ አለው፤ አንዴ ይህኛው ያሳድዳል፣ አንዴ ያኛው፤ በየመሃሉ ቆም ይላሉ። አንዱ ሁልጊዜ ከላይ፣ ሌላው ሁልጊዜ ከታች ከሆነ አሰልጣኙ ከላይ ያለውን ቀስ ብሎ ይያዘው። የተለቀቀው ተመልሶ ከመጣ ጨዋታ ነበር፤ ወንበር ስር ከገባ ግን ጨዋታ አልነበረም። «ራሳቸው ይፈቱት» የሚል አሰልጣኝ ካየሽ ቡችላሽን ይዘሽ ውጪ።

የእህትሽ ውሻ ቡችላ የሚታገስ ይሁን። አልፎ አልፎ ቢያጉረመርምባት አትቆጪው፣ ሥነ ሥርዓት እያስተማራት ነው። ትንሽዋ ስታበዛበት ግን አንቺ ለያቸው። ትልቁም የሚያርፍበት ጥግ ያስፈልገዋል።

የመንትዮች እናት
ልጆችስ? የኔዎቹ አራት ዓመታቸው ነው፣ ቡችላ ሲያዩ ይጮኻሉ፣ ይሮጣሉ። ማላመድ ነው ብዬ ልተዋቸው?

ላላ ያለ ገመድ
አትተያቸው። መጀመሪያ ልጆቹን ነው የምታሰለጥኚው። ወለል ላይ ቁጭ ይበሉ፣ ቡችላው ራሱ ይምጣ፣ እጃቸውን ዘርግተው በመዳፋቸው ምግብ ይስጡት። ማንሳት የለም። ቡችላ ከልጅ እጅ ሲወድቅ ይሰበራል፣ ሲጨነቅ ይነክሳል። ሲበላ፣ ሲተኛና የራሱ ጎጆ ውስጥ ሲገባ አይነካም። አዋቂ በሌለበት ብቻቸውን አይተዉ፤ አዋቂ ስል ስልክ ላይ ያላፈጠጠ።

ደፋር
እሺ ቆይ፣ ይሄ ሁሉ ሰው፣ ውሻ፣ ኮፍያ፣ ክፍል... መቼ ነው የምትተኛው ይቺ ቡችላ?

ላላ ያለ ገመድ
ከጠየቅኸው ሁሉ ምርጡ! ቡችላ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት መተኛት አለበት። አንድ አዲስ ነገር ካየች ያን ቀን ይበቃታል። ሲመሽ ያለ ምክንያት የምትናከስና የምትሯሯጥ ከሆነ ብዙ ጊዜ የደከማት ሕፃን ናት፣ ተጨማሪ ሽርሽር አይደለም የሚያሻት።

ሁሉም የሚረሳው ደግሞ ብቻ መሆንን ማለማመድ ነው። ማለዳ «ከእግሬ ስር አትጠፋም» ብላለች። አሁን ያምራል፤ ሥራ ስትመለሺ ግን ልቅሶ ነው። የሚታኘክ ነገር ስጫትና ከሌላ ክፍል ደርሰሽ ተመለሺ። ሳይጨንቃት በፊት ተመለሺ፣ ጊዜውን በትንሽ በትንሹ ጨምሪ። ስትወጪም ስትገቢም የሠርግ አጀብ አታድርጊው።

ዘግይቶ የመጣ
እኔ ያሳደግሁት አምስት ወር ሞልቶታል፣ ከመጠለያ ነው የመጣው። እንግዳ ሲያይ ይጮኻል፣ ወደ ኋላ ይሸሻል። 14 ሳምንት አልፏል፣ በቃ ቀረ?

ነጭ ጋዋን
አልቀረም። መስመሩ እንደ ቢላ የተቆረጠ አይደለም፣ ከዘር ዘርም ይለያያል። ግን ሥራው ይለወጣል። የዘጠኝ ሳምንት ቡችላ ነገሩን መጀመሪያ ጊዜ እያየው ነው፤ ያንተው ደግሞ አንዴ «ያስፈራል» ብሎ የወሰነውን መልሶ እንዲያስብ ነው የምትጠይቀው። ርቀቱ ይበልጥ፣ ትዕግሥቱ ይበልጥ፣ ቤት የሚገባ እንግዳ ይቀንስ። እንግዳው እንዲመግበው አታድርግ፤ ለምግቡ ሲል ቀርቦ፣ ምግቡ ሲያልቅ ሰውየው አጠገቡ መሆኑን ድንገት ያስተውላል፤ ንክሻ እዚህ ላይ ይመጣል። ራስህ መግበው፣ ከሩቅ። ማጉረምረም ሲጀምር አትቅጣው፤ ማስጠንቀቂያውን ካጠፋህበት ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ደግሞም ሐኪም ይየው፣ ሕመም ያለበት ውሻ ሰው አያስጠጋም።

ማለዳ
ዛሬ ወጥተን ነበር። ከመንገዱ ራቅ ብለን ተቀመጥን። የቆሻሻ መኪና ሲመጣ መብላት አቆመች፤ እንዳላችሁኝ ተነስቼ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ጥግ ዞር ስንል በላች። ከመኪናው ይልቅ የወደደችው አንድ ዊልቸር ላይ ያሉ አዛውንት ናቸው፤ እሳቸውም ሳይነኳት አውርተውላት ሄዱ። ለቅዳሜ ሁለተኛው ክትባት ቀጠሮ አለን።

ነጭ ጋዋን
ጥሩ። ከመርፌው በኋላ አንድ ሁለት ቀን ድብት ሊላት ይችላል፣ ያኔ ሽርሽሩን ተዪው። ፊቷ ካበጠ፣ ደጋግማ ካስመለሰች ወይም ትንፋሽ ካጠራት ግን ሳትጠብቂ ደውዪ። የ16ኛውን ሳምንት ዙር ከጨረሰች በኋላም ስድስት ወር ሲሞላት የሚሰጠውን ማጠናከሪያ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት።

ዘበኛው
በእቅፍ መሆኑን አልተቃወምኩም እንግዲህ። 🙂 አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ድመት ላለበት ቤትስ? የኔ ድመት አሮጊት ናት፣ ቡችላ ላመጣ እያሰብኩ ነው።

ላላ ያለ ገመድ
ለድመቷ ቡችላው የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታና የራሷ የሆነ ክፍል አዘጋጅ፤ ምግቧና የምትጸዳዳበት አሸዋዋም እዚያው ይሁን። መጀመሪያ በተዘጋ በር ይሸታተቱ፣ የተኙበትን ጨርቅ አቀያይርላቸው። ከዚያ ቡችላው በገመድ፣ ድመቷ ነፃ ሆና ይተያዩ። ቡችላው ድመቷን አይቶ ወደ አንተ በዞረ ቁጥር ምግብ ስጠው። አንዴ አሳድዷት ከሮጠችለት ከዚያ ወዲያ ጨዋታ ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ ያ የመጀመሪያው ሩጫ እንዳይከሰት ገመዱን አትልቀቅ። ጥፍሯንም ቀድመህ ከርክምላት፤ የቡችላ ዓይን በአንድ ቡጥጫ ይጎዳል።